የጠረፍ ጥበቃ ወጪ በማን ሒሳብ ይጻፍ?

ጠረፍ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ በረሓና ወደ ወንዝ ዳር፥ ጠመንጃውን አንግቶ ፀሐይ ወደሚመታው ዘበኛ ነው። ይሁን እንጂ ከአገራችን ጠረፎች አንዱ፥ ያውም በየቀኑ በሺሕ የሚቆጠር ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት፥ በመዲናችን ውስጥ በቦሌ ይገኛል። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቦሌ መንገድ የወረደ፥ ወይም ከመገናኛ በኢምፔሪያል በኩል የዞረ ሰው፥ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ሲደርስ ከአገሩ ዳር ደርሷል። ከአጥሩ ወዲያ ፓስፖርት የሚያየው፥ ሻንጣ የሚፈትሸውና ቀረጥ የሚያስከፍለው የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኛ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለውን አስፋልት የሚያስጠርገውና ደንብ የሚያስከብረው የከተማው አስተዳደር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ የሽቦ አጥር ነው፤ ይህም ጽሑፍ የተነሣው በዚሁ አጥር ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት ወር፥ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ በሚደረግበት ሰሞን፥ ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን ነበር። ኢምፔሪያል ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ እንግዳ ሊያልፍ ነው ተባለ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» አለ። ወርደን ስንጓዝ በየጥቂት እርምጃው አንድ ጸጥታ አስከባሪ ፀሐይ ላይ ቆሞ እናያለን። ደብተር የያዘ አንድ ወጣት ተማሪ ይህን አይቶ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፥

«ይህ ሁሉ ሰው ውሎ አበሉን የሚቀበለው ከማን ይሆን?» አለ።

ከአጠገቡ ዘንቢል አንጠልጥለው የሚሄዱ አንዲት እናት ሰሙትና «ከመንግሥት ነዋ፥ ልጄ!» አሉት።

«ከየትኛው መንግሥት፥ እማማ?»

«ደግሞ ስንት መንግሥት አለን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ተማሪውም አብሮ ሳቀና መንገዱን ቀጠለ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። እማማ ያሉትም እውነት አለበት፤ ዜጋ የሚያውቀው አንድ መንግሥት ነውና። ነገር ግን ግምጃ ቤቱ አንድ አይደለም። በዛሬው ሥርዓት የፌዴራሉ መንግሥት አንድ ግምጃ ቤት አለው፤ 12ቱ ክልሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋም እንዲሁ። አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲውል፥ የዋለበት ብር ከአንዱ ግምጃ ቤት መውጣቱ አይቀርም። የወጣውም ለሌላ ነገር ከታሰበው ላይ ነው።

በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥራውን እንዲህ አድርጎ ከፍሎታል። በአንቀጽ 51 የአገር መከላከያንና የፌዴራል ፖሊስን ማቋቋም፥ ወደ አገር የመግባትና ከአገር የመውጣት ጉዳይ፥ ፓስፖርትና የስደተኞች ነገር ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጥቷል። በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አቋቁመው በክልላቸው ውስጥ ሰላምና ጸጥታ እንዲያስከብሩ ተደንግጓል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ድንበሩ የፌዴራል፥ መንደሩ የክልል ነው። በመሬት ላይ ግን መንደሩ ያለው ድንበሩ ላይ ነው። የድንበሩን ምልክት አልፎ ከብት ሊነዳ የመጣ ወንበዴ መጀመሪያ የሚያገኘው የቀበሌውን ሚሊሻና የወረዳውን ፖሊስ እንጂ መከላከያን አይደለም። ያ ፖሊስ በዚያች ሌሊት «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፥ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ይምጣ» ብሎ ይተኛ ዘንድ የሚፈቅድለት ሕሊና የለውም።

ስለ ገንዘቡ የሚናገረው አንቀጽ 94 ነው። አሳቡም ባጭሩ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ መንግሥት በሕግ የተሰጠውን ሥራ ወጪ ራሱ ይችላል፤ ክልል የሌላውን ሥራ በውክልና ተቀብሎ ከሠራ ግን፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ወጪውን የሚከፍለው ወካዩ ነው። ይህ ደግሞ ለአሳብ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በአንቀጽ 79 የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራሉን ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ደርበው ስለሚሠሩ፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማካካሻ በጀት እንዲመድብላቸው ታዟል። እንግዲህ አንዱ መንግሥት ለሌላው ሲሠራ ዋጋው ይከፈለው የሚለው አሳብ በሕጋችን ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ። በፍርድ ቤቶቹ ረገድ እንኳ ማካካሻው እንደሚገባ አልደረሰንም የሚል የክልሎች አቤቱታ ለብዙ ዘመን ሲሰማ መኖሩን የሕግ ተማሪዎች ያውቁታል።

በጠረፍ ጥበቃ ረገድ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። «ውክልና» የምትለዋን ቃል እንመልከታት። የፍርድ ቤቶቹን ውክልና ሕገ መንግሥቱ ራሱ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ማንም አይክደውም። የጠረፉን ግን የሚሰጠው ሁኔታ ነው። ደብዳቤ ሳይጻፍ፥ ስምምነት ሳይፈረም፥ የጥይት ድምፅ ሲሰማ የክልሉ ፖሊስ ይወጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ሒሳብ ሠራተኛው «ውክልናው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። ውክልናው የለም። ስለዚህ ወጪው ባለበት፥ ማለትም በክልሉ ላይ፥ ይቀራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ቦታዎች አሉ። ከቦሌ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ በረራ ጋምቤላ ይደረሳል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የታጠቁ ሰዎች የኑዌር ዞን መንደሮችን ወርረው ከ200 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን ወሰዱ፤ ከብቱንም ነዱ። ሠራዊቱ ሕፃናቱን ለማስመለስ ድንበር ተሻገረ፤ ብዙዎቹም በየጊዜው ተመለሱ። ይህ የፌዴራሉ ድርሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየወንዙ ዳር ዘብ ማቆም፥ ሚሊሻ ማሠልጠን፥ ለጀልባና ለመኪና ነዳጅ መግዛት፥ ለሞተ ፖሊስ ቤተ ሰብ አንድ ነገር ማድረግ፥ ይህ ሁሉ የማን ነው? ጋምቤላ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ 307 ሺሕ ያህል ሕዝብ የተቆጠረበት ክልል ነው። በቅርብ ዓመታት ያስጠለላቸው ስደተኞች ደግሞ ከ300 ሺሕ በላይ ናቸው። ስደተኞቹን የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለምግቡና ለመጠለያው ያስባሉ፤ በስደተኛውና በነዋሪው መካከል ጠብ ሲነሣ ግን መጀመሪያ የሚጠራው የክልሉ ፖሊስ ነው።

በሶማሌ ክልል በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአልሸባብ ታጣቂዎች ድንበር ጥሰው ሲገቡ፥ ፊት ለፊት የገጠማቸው የክልሉ ልዩ ፖሊስ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በፈነዳ ጊዜ በመተማ በኩል የብዙ አገር ዜጋ በአሥር ሺሕዎች እየተቆጠረ ጎረፈ። መተማ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጠረፍ ሲጠብቁ የቆሰሉባትና የሞቱባት ቦታ ናት፤ ጠረፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚያች ከተማ በላይ የሚያውቅ የለም። የገባው ሕዝብ ፓስፖርቱን ያሳየው ለፌዴራሉ ሹም ነው። ውሃ የለመነው፥ የታመመ ልጁን ያሳየውና ሌባ ሲዘርፈው አቤት ያለው ግን ለወረዳው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል፤ ብልህ ተቃዋሚም ነው። «ክልሎቹ የሚያወጡት ብር አብዛኛው ከፌዴራሉ በድጎማ የተሰጣቸው ነው። ለምሳሌ በ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ ከጸደቀው 971 ቢሊዮን ብር ውስጥ 222 ቢሊዮን ያህሉ ለክልሎች የተደለደለ ድጎማ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላ ኪስ መክተት ምን ጥቅም አለው?» ይላል። የገንዘብ ሚኒስቴር መንፈስ ያለበት ክርክር ነው፤ በቀላሉም አይናቅም።

ነገር ግን ድጎማው እንዴት እንደሚከፈል እንመልከት። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር የእያንዳንዱ ክልል የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ ችሎታ ይመዘናል፤ የትምህርቱ፥ የጤናው፥ የግብርናው፥ የመንገዱና የውሃው ፍላጎት ይሰላል። ተከፍሎ ሲያበቃ ለሁሉም እንደ ድርሻው ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጋምቤላ ከደረሳት ላይ ቀንሳ ለወንዝ ዳር ዘብ ታወጣለች። ሲዳማ ግን ያ ወጪ የለባትም፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ሐረሪም የለባቸውም፤ ከውጭ አገር ጋር የሚዋሰን መሬት የላቸውምና። ድንበሩ ግን የሐዋሳም፥ የሐረርም ድንበር ነው። የጋምቤላ ሕፃን ከክፍሏ መጽሐፍ ሲጎድልባት፥ የጎደለው መጽሐፍ የአገር ሁሉ ዘብ ደመወዝ ሆኗል ማለት ነው። ኪሱ አንድ ነው የሚባለው ከላይ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የቀረጡ ነገር አለ። በአንቀጽ 96 መሠረት ወደ አገር ከሚገባና ከሚወጣ ዕቃ ላይ የሚሰበሰበው ቀረጥ የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ አንድ አገር አንድ ጉምሩክ ሊኖረው ይገባልና። ቢሆንም ከኬላው የሚገኘው ገቢ በሙሉ ወደ ማዕከል ሲሄድ፥ የኬላው ዙሪያ ጥበቃ ግን በከፊል በአጥቢያው ትከሻ ላይ ሲቀር፥ አንድ ያልተጻፈ ግብር ተጥሏል ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ያልተጻፈ ግብር በሚገባ ያውቁት ነበር። ወታደር በባላገር ቤት ተመርቶ ሲኖር፥ የሚበላው እንጀራ፥ የሚጠጣው ጠላ፥ የበቅሎው ገብስ የሚወጣው ከዚያው ቤት ነበር። በወረቀት ሲታይ ሠራዊቱ የንጉሡ ነው፤ በጓዳ ሲታይ የባላገሩ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ አሥራት እንዲከፈልና ወታደር በባላገር ቤት መመራቱ እንዲቀር ያዘዙት ይህን ችግር አይተው ነው። አዋጁ በየቦታው እኩል አለመፈጸሙ ሌላ ነገር ነው። አሳቡ ግን ታላቅ ነበር፤ የዘቡ ቀለብ ዘቡ ባደረበት ቤት ላይ ከሚወድቅ፥ ለሁሉ እኩል ተመድቦ ከአንድ ጎተራ ይውጣ የሚል ነው። ዛሬ ወታደር በማንም ቤት አይመራም። ነገር ግን የጠረፍ ወረዳ በጀት የዚያን ዘመን የባላገር ጓዳ ሆኖ ቢገኝ ምን ይባላል?

ስለ አዲስ አበባም እውነቱን እንናገር። መዲናይቱ ክልል አይደለችም፤ በአንቀጽ 49 መሠረት ራስዋን እያስተዳደረች ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። ስለዚህ አንቀጽ 94 ለክልል የሰጠውን ክርክር ከተማይቱ በዚያው ቃል ልታነሣው አትችልም። ደግሞም ብታነሣው ብዙ አናዝንላትም። ቦሌ ጠረፍ በመሆኗ በለጽጋለች። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ጄት አውሮፕላኖች ከገቡ ወዲህ ያደገውን ሠፈር የሚያውቅ ይመስክር፤ ሆቴሉ፥ የጉዞ ወኪሉ፥ የጭነት ድርጅቱ፥ የውጭ ምንዛሪ ቤቱ ሁሉ የአውሮፕላን ማረፊያው ልጅ ነው። ከተማውም በዚያው ኃይል ወደ ምሥራቅ ገርጂን፥ ሰሚትንና አያትን አልፎ ሮጦ፥ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ እስከ መጨመር ደርሷል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የምናጉረመርመው የቦሌና የገርጂ ሰዎች፥ በዚያው መንገድ ከሚገባው እንግዳ እንጀራ እንደምናገኝ መርሳት የለብንም። ጠረፉ ቦሌን ይመግባል። ከደቡብ ሱዳን ስደተኛ የሚገባባትን ፓጋግን ግን ጠረፉ ይበላታል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጓደል ነው።

ወጪ መልሱልን የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በሜክሲኮ ድንበር ላይ የራሷን ወታደርና ፖሊስ አሰልፋ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በአሪዞና ጉዳይ ላይ በሰጠው ፍርድ የስደተኞች ጉዳይ በዋናው የፌዴራሉ ሥልጣን መሆኑን አረጋግጦ ሳለ፥ ቴክሳስ «ፌዴራሉ ሥራውን ስላልሠራ እኔ ሠራሁለት» አለች። በዋሽንግተን የነበረው መንግሥት ደግሞ «ማን ላከሽ?» ብሎ በአንዳንዱ ሥራዋ ፍርድ ቤት ከሰሳት። በጥር 2025 መንግሥት ሲለወጥ የቴክሳስ ገዥ ግሬግ አቦት 11 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው ሕግም ለግዛቶች እንዲህ ላለው ወጪ 13 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል አስቀመጠ። ከዚህ የምንማረው ገንዘቡ መከፈሉን ብቻ አይደለም። ያው ሥራ በአንዱ መንግሥት ዘመን ጥፋት፥ በሌላው ዘመን ውለታ ሆኖ ተቆጠረ። አስቀድሞ ያልተጻፈ ስምምነት መጨረሻው ይህ ነው፤ የሚከፈለው በሕግ ሳይሆን በወዳጅነት ይሆናል።

የህንድ መንገድ ከዚህ ይሻላል። ማዕከላዊው መንግሥት ከ1996 ጀምሮ በታጣቂዎች የተጨነቁ ግዛቶች ለጸጥታ ያወጡትን ወጪ የሚመልስበት አንድ የታወቀ ሥርዓት አለው። የሚመለሰው ሁሉ ወጪ አይደለም፤ እንደ ሥልጠና፥ እንደ ነዳጅ፥ ለሞተ ፖሊስ ቤተ ሰብ እንደሚሰጥ ካሣ ያሉ አስቀድመው የተዘረዘሩ ወጪዎች ብቻ ናቸው። ግዛቱ ደረሰኙን ያቀርባል፥ ማዕከሉ መርምሮ ይከፍላል። የሚገርመው ደግሞ፥ አንድ ግዛት የማዕከላዊውን ፖሊስ ለራሱ ጸጥታ ጠርቶ ሲያሰማራ ማዕከሉ በተራው ሒሳብ ይልክበታል። ሒሳቡ በሁለቱም ወገን ይሄዳል ማለት ነው። በእኛም አገር በአንቀጽ 51 አንድ ክልል ከአቅሙ በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲገጥመው የመከላከያን ርዳታ ሊጠይቅ ይችላል። የጠረፉ ወጪ ይመለስልን የሚል ክልል፥ በዚህ ጊዜ ሒሳብ ቢመጣበት ይከፍል እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

እንግዲህ የክልሎቹን ክርክር ስንደግፍ ከኋላ ያለውን ገደልም ማየት አለብን። የሶማሌ ክልል ልዩ ፖሊስ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ። በጠረፍ ላይ የከፈለው መሥዋዕትነት አይካድም፤ በሰላማዊ ሰው ላይ ስለ ፈጸመው በደል የቀረበበትም ክስ አይካድም። ከዚያ በኋላ ሌሎች ክልሎች በየተራ ልዩ ኃይል አቋቋሙ፤ ጠረፍ ያለውም፥ ሌላ ምክንያት ያቀረበውም። ደመወዙ ከክልል ግምጃ ቤት ይወጣ ስለ ነበር፥ ታዛዥነቱም ለዚያው ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት ልዩ ኃይሎቹ ወደ መከላከያ፥ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል መደበኛ ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፥ በተለይ በአማራ ክልል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣውን መከራ አንባቢ ያውቀዋል፥ እኛም እዚህ አንዘረዝረውም። የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው። ልዩ ኃይሉ ፈረሰ፤ ጠረፉ ግን አልፈረሰም። ያ ሥራ ዛሬም ይሠራል፤ በከፊል በመከላከያ፥ በከፊል በክልል ፖሊስና በሚሊሻ። ፌዴራሉ «ወጪያችሁን ሁሉ መልሼ እከፍላለሁ» ቢል ደግሞ ነገ እያንዳንዱ ክልል በሰው ብር ጦር ሊያደራጅ ይችላል። የሰውየው ደመወዝ ከአንዱ፥ ትእዛዙ ከሌላው ሲመጣ፥ ያ ሰው የማን ነው?

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ ወጪን ከሥራው በኋላ መልሱልን ከማለት ይልቅ ከሥራው በፊት መዋዋል ይበልጣል። ከውጭ አገር ጋር የሚዋሰኑት 9ኙ ክልሎች ከፌዴራሉ ጋር የጽሑፍ ውክልና ይኑራቸው። በዚያ ወረቀት ላይ የትኛው ወረዳ፥ የትኛው ሥራ፥ ስንት ሰው፥ እስከ ስንት ቀን፥ በማን ትእዛዝ ተብሎ ይጻፍ። ድንገተኛ ነገር ሲነሣ የክልሉ ፖሊስ እንዲህ ላሉ ቀኖች ይቁም፥ ከዚያ በላይ ከሆነ መከላከያ ወይም ፌዴራል ፖሊስ ይረከበው ተብሎ ይወሰን። የማይመለሰውም ይታወቅ፤ የክልል ፖሊስ መደበኛ ደመወዝ የክልሉ ነው፥ ጠረፍ ኖረም አልኖረም ይከፈል ነበርና። ይህን ለመነጋገሪያ የሚሆን መድረክ አልጠፋም፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥታት ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 1231 ፌዴራልና ክልል የሚገናኙባቸውን መድረኮች አቋቁሟል። የቀረው አጀንዳ አስይዞ ሒሳብ ይዞ መቅረብ ነው።

ሒሳብ ይዞ መቅረብ ስንል ነገሩ ወደ እናንተ ወደ ወጣት ሹማምንትና ወደ ተማሪዎች ይመጣል። ሚኒስትር ይፈርማል፤ የሚፈርምበትን ወረቀት የሚያዘጋጀው ግን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለገለ ባለሙያ ነው። ዛሬ አንድ የጠረፍ ወረዳ ለድንበር ጥበቃ ያወጣውን ንገረኝ ቢባል፥ ብዙ ጊዜ ወጪው በነዳጅ፥ በውሎ አበል፥ በጥገና አርእስት ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ፖሊሱ ወንዝ ዳር ሦስት ወር ከርሞ ሳለ መዝገቡ «ልዩ ልዩ» ይላል። «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈን ብር ማንም ኦዲተር ለማንም አያስመልስም። አንድ የወረዳ ሒሳብ ሹም ከዛሬ ጀምሮ ለጠረፍ የዋለውን ነዳጅና ውሎ አበል በተለየ መደብ ቢይዝ፥ ቀኑንና ትእዛዝ የሰጠውን ሰው ቢመዘግብ፥ ከአሥር ንግግር የበለጠ ለክልሉ ያተርፋል። ይህን ለማድረግ አዋጅ አይጠበቅም።

በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ያለኸውም ወጣት ሹም ሆይ፥ ከጠረፍ ወረዳ የመጣ ደብዳቤ ጠረጴዛህ ላይ ሲያርፍ «ልመና» ብለህ አትለፈው። ደብዳቤው ያማረ ላይሆን ይችላል፤ በወንበር እጥረት ቆሞ የሚሠራ ሰው ጽፎት ይሆናል። የምትሠራበት ሕንፃ መብራቱ ሳይጠፋ፥ ሊፍቱ ሳይቆም የምትውለው፥ ያ ሰው ያለበት ጠረፍ ስለ ተጠበቀ ጭምር ነው።

ነገሩ ቸኩሎ የሚወሰንበትም ምክንያት አለ። ቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ሊሠራ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። ሥራ ሲጀምር የአገሪቱ ዋና በር ለፌዴራሉ ተጠሪ ከሆነችው ከተማ ወጥቶ ወደ ኦሮሚያ ክልል ይሻገራል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው እንደ ቦሌው ሁሉ የፌዴራል ይሆናል። ከአጥሩ ወዲህ ያለውን መንገድ የሚጠብቀው፥ መሪዎች ሲገቡ በየጥቂት እርምጃው ፀሐይ ላይ የሚቆመው ፖሊስ ግን የክልል ፖሊስ ሊሆን ነው። የዚያን ጊዜ የአንቀጽ 94 ጥያቄ እንደ ጋምቤላው ሩቅ አይሆንም፤ ከመዲናይቱ በ40 ኪሎ ሜትር ላይ፥ በየቀኑ የሚነሣ ጥያቄ ይሆናል። የመሬቱ፥ የብድሩና የአስፋልቱ ውል በየዓይነቱ እየተዘጋጀ ነው። የዘቡ ውሎ አበል በማን እንደሚከፈል የሚናገረውም ወረቀት ከእነዚሁ ውሎች ጋር አብሮ ይቅረብ፤ ዛሬ ለመጻፍ አንድ ገጽ ይበቃዋል።